አባ ይርጋ ለእንግዳ የተነሡ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አበባና የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ። ዕድሜዋን ሙሉ በሰዓት ስትቀጠር ለኖረች ሴት ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደነበረ አላውቅም፤ ብቻ ተቀብዬ አመሰገንኩ። አዲሷ ወጣት አለቃችን ቆማ ንግግር አደረገች። «ዘነቡ ስንቱን ሽማግሌ ከቤት አቮት አትርፋለች!» አለችና አስጨበጨበችልኝ። ቤት አቮት የሚባለው እዚህ አገር ጧሪ ያጣ ወይም ጧሪው የደከመ አዛውንት ተሰብስቦ የሚኖርበት ቤት ነው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ አባ ይርጋ ትዝ አሉኝ፤ የያዝኩትን ኬክ አስቀመጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ እንጂ እንዲህ ከመሀል አይገባችሁም።

ወደ ኢየሩሳሌም የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በሱዳን በኩል ነው። እናቴን እዚያው በረሃ ቀብሬ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ብዙ አላወራም፤ ሽማግሌና አሮጊት ሳይ ሆዴ የሚባባው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ብቻ ልበል። የመጀመሪያ ሥራዬ ቤት ማጽዳት ነበር። የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከኢትዮጵያ ጎዳና በስተጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ከፖላንድ የመጡ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እኔ ገና ዕብራይስጥ አላውቅ፤ በጣት እየተጠቋቆምን እንግባባ ነበር። አንድ ቀን አልጋቸውና ቁም ሣጥኑ መካከል ወድቀው አገኘኋቸው። ደንግጬ ሁለት ክንዳቸውን ይዤ ወደ ላይ ስጎትት ክፉኛ ጮኹ፤ ጩኸታቸው ጎዳናው ድረስ ተሰማ።

በዚያች ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥተው በበሩ የሚያልፉ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። እማሆይ ወለተ ማርያም ይባላሉ። ሳያንኳኩ ገቡ። «ልቀቂያቸው!» አሉኝ በአማርኛ። «ክንድ የሚጎተተው ጠበኛ ሲገላገል ነው። የወደቀ ሰው ይጎተታል?»

እሳቸው ለማንሣት አልቸኮሉም። መጀመሪያ መሬቱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡና የአሮጊቲቱ ትንፋሽ እስኪረጋ ጠበቁ። እግራቸውን፣ ዳሌያቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ቀጥሎ በጎናቸው አዞሯቸው፤ ከዚያ በጉልበታቸው አንበረከኳቸው። ወንበር ከፊታቸው አስጠግተው እጃቸውን አስደገፏቸው፤ ደኅና የሆነውን እግር አስቀድመው አስረገጧቸው። «አሁን ሌላ ወንበር ከኋላ!» አሉኝ። አሮጊቲቱ በራሳቸው ጉልበት ተነሥተው ከኋላ የገፋሁት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማንም አላነሣቸውም ማለት ይቻላል። እኔ ያን ዕለት ነው ይህ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት።

እማሆይ በግቢው ያረጁትን መነኮሳይያት የሚያስታምሙ ነበሩ። ጎንደሬ ናቸው፤ እኔም የጎንደር ቤተ እስራኤል ነኝ። አገራችን ብንሆን እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ አይሁድ፣ እጅ ለእጅ አንነካካም ነበር። እዚህ ግን ያን ዕለት እጄን ያዝ አድርገው መዳፌን ካዩ በኋላ «እጅሽ በረዶ ነው። በዚህ እጅ ሰው ልትነኪ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ስጨርስ አንዳንዴ ወደ ግቢው እየዘለቅሁ ሲያስታምሙ አያቸው ነበር። አላስተማሩኝም፤ አሳዩኝ እንጂ።

ያየሁትን ልናገር። እማሆይ ሰው ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን የሞቀ ውሃ ውስጥ ያቆያሉ። የሚያደርጉትን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ተናግረውም «እሺ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። ጆሮዋ የማይሰማውን እናት እንኳ ይጠብቋታል። ሲያጥቡ ሰውነት ሁሉ በነጠላ ተሸፍኖ፣ የሚታጠበው ብቻ ይገለጣል፤ ታጥቦ ደርቆ ሳይሸፈን ሌላው አይገለጥም። ሳሙናውን ለታማሚዋ ያስይዟታል፤ ሳሙና የያዘ ሰው አብሮ ያጥባል እንጂ ዝም ብሎ አይታጠብም ይላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ድካም ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ቀን የአንዲቱን መነኩሲት ቁስል አይቼ በሩ ላይ ለሌላዋ ሳወራ ደረሱብኝ። አልተቆጡም። «ያየሽው ዓይንሽ ላይ ይቅር» ብለውኝ አለፉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሕግ ወጣ። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጉረስ ያቃተው አዛውንት ቤት አቮት ከሚገባ፣ ቤቱ ተቀምጦ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት መታፔሌት ትላክለት፤ ወጪውን የመንግሥት መድን ይክፈል፤ የሚል። መታፔሌት ማለት አስታማሚ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ማንም መጥፎ ነው ቢለኝ እጣላዋለሁ። መታፔሌቶችን የሚልክ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። አለቃችን ተጫዋች ሰው ነበር፤ የመጀመሪያውን ትምህርት በላስቲክ አሻንጉሊት ሰጠን። አሻንጉሊቷን ካጠብኩ በኋላ ሸፍኜ ሳስተኛት «ዘነቡ፣ ይህቺ እኮ አይበርዳትም!» ብሎ አሳቀብኝ። ደመወዙ ለአውቶቡስና ለልጆች ጫማ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለ ደመወዝ ባወራ ያልነበረ ነገር ማውራት ይሆንብኛል።

ሰዓቱ ግን ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም። ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ታያለች። ይነሣል? ይራመዳል? የልብሱን ቁልፍ ይቆልፋል? ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል? ያየችውን ትጽፋለች፤ በጻፈችው ይፈረዳል።

ሰዓት የተከለከለ ምን እንደሚሆን ያየሁት ቤት አቮት ውስጥ ነው። አለቃችን አንድ ቀን ለማስተርጐም ላከኝ። የወገራ ሰው የሆኑ አንዲት እናት ምግብ እምቢ ብለው ነበር። ንጹሕ ቤት ነው፤ ሠራተኞቹም ክፉ አልነበሩም። ሁሉም «ሳፍታ፣ ሳፍታ» ይሏቸዋል፤ አያት ማለታቸው ነው። ስማቸውን የሚያውቅ ግን አንድም አላገኘሁ። ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋቸው ነበር። «እማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። የሚሰማ ሰው ስላጡ መናገሩን ትተውታል። እስከ ሰፈሬ እስከ ጊሎ በአውቶቡስ ስሄድ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መሐረብ ሰጠኝ።

አባ ይርጋ የሚኖሩት እዚያው ጊሎ፣ ከእኔ ሁለት ሕንፃ ዝቅ ብሎ ከልጃቸው ከትርንጎ ጋር ነበር። የተጣላ ባልና ሚስት፣ በውርስ የተኳረፈ ወንድማማች እሳቸው ዘንድ ነበር የሚመጣው። ፍርድ ቤቱ በሦስት ዓመት የማይጨርሰውን እሳቸው በአንድ ከሰዓት ያስታርቁ ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። ጥሩ በዋሉ ቀን ዘንጋቸውን ተደግፈው ብድግ ይላሉ፤ መታጠብና መልበስ ግን በትርንጎ እጅ ሆነ። ሽንታቸውም አንዳንዴ ያመልጣቸዋል።

ትርንጎ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች። ንጋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። አንድ ማታ ስትገባ አባቷን በአልጋውና በሽንት ቤቱ መካከል ወድቀው አገኘቻቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ሥራ ብትለቅ ቤት ኪራዩን የሚከፍል የለም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋም ቁርጡን ነገረቻት፤ መታፔሌት ካልተፈቀደ ከከተማው ውጪ ባለ ቤት አቮት ቦታ አለ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን እዚያ የለም። ትርንጎ እኔ ዘንድ መጥታ «እት ዘነቡ፣ አባቴ እዚያ ከገባ ይሞትብኛል» አለችኝ። እኔም ያችን የወገራ እናት አስቤ እውነቷን ነው አልኩ።

ነርሷ በምትመጣ ዋዜማ ሄጄ «አባ፣ ነገ ስትመጣ እንዳሉ ሆነው ይጠብቋት» አልኳቸው።

«እንዳለሁ ነኝ። ምን ልሆን ኖሯል?» አሉኝ።

በማግሥቱ ላስተረጕም ስደርስ ቤቱ ታጥቦ ያበራል። ትርንጎ ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታ አባቷን አጥባ፣ ነጭ አልብሳ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክላ አስቀምጣቸዋለች። ባሊው የለም፣ የሽንት ጨርቁ የለም፣ የቆሸሸው ፍራሽ ጎረቤት ተደብቋል። «ምነው ትርንጎ!» ብላት «እንግዳ ሊመጣ ቤቱ እንዲያ ይቆይ?» አለችኝ። እናቴም ብትሆን ያንኑ ነበር የምታደርገው።

ነርሷ ሪና ትባላለች፤ ፈገግተኛ ወጣት ናት። በሩ እንደተከፈተ አባ ይርጋ ዘንጋቸውን ጨብጠው «ኖር!» አሉና ተነሡ። ያን ወር ሙሉ ያለ ደጋፊ ያልተነሡት ሰውዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ግቢ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ!» አሉ።

እኛ ዘንድ ለእንግዳ የተነሣ ሰው፣ እንግዳው «በእግዜር!» ብሎ ካላስቀመጠው አይቀመጥም። ይህን ሪና ከየት ታውቀዋለች? እሷ የመጣችው መቆም መቻላቸውን ልታይ ነው፤ ራሷም ሳትቀመጥ በቁሟ ትጽፋለች። እሳቸውም እሷ እስክትቀመጥ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ በእሷ ፈንታ «በእግዜር አባ፣ በእግዜር ይቀመጡ» ብላቸው፣ «እንግዳዋ ቆማ?» አሉኝ። የዘንጉ ጫፍ ወለሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ነጩ ልብስ ግን ጉልበታቸውን ሸፍኖታል።

«ማን ያጥብዎታል?» ትላለች።

«እግዜር ይመስገን፣ ምን ጐደለኝ።»

«ብቻዎን ይለብሳሉ?»

«ይኸው ለብሼ የለም ወይ?»

«ሻይ ማፍላት ይችላሉ?»

«ልጄ እያለች እኔ ሻይ ላፈላ!» ብለው ሳቁ። ሪናም ሳቀች። እንደተባለው አስተረጐምኩ። እሳቸው ፊት ሌላ ቃል መናገር አልቻልኩም፤ በእማሆይ እጅ የተገራች ምላስ እንዲያ ናት። ሪናን ግን ደረጃው ላይ ተከትዬ ወርጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽንቱን፣ መውደቁን፣ ፍራሹን። ሰምታኝ አንገቷን ነቀነቀች። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለችኝ፤ «ያየሁት ደግሞ የቆመ ሰው ነው።»

አባ ይርጋ እሷ እንደወጣች ወንበሩ ላይ ወደቁ። ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። መልሱ መጣ፤ አልተፈቀደም።

ትርንጎ ይግባኝ አለች፤ ሪና ዳግመኛ ልትመጣ ሆነ። በዚህ መካከል ድርጅታችን ቢሮ አገኘኋትና የ«ኖር»ን ነገር አስረዳኋት። ለምን እንደቆሙ፣ ለምን እንዳልተቀመጡ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ነኝ ያቆምኳቸው ማለት ነው!» አለች። ቃሉን ደጋግሜ አስጠናኋት፤ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለች ወጣች። ደግ ልጅ ነበረች፤ ይህን አደራ እንዳትረሱብኝ።

ከዚያ ኢትዮጵያ ጎዳና ወርጄ እማሆይን አማከርኳቸው። «ተኝተው ይጠብቋት፣ ሳይታጠቡ ትይዎት ልላቸው ነው» አልኳቸው።

«ገመናቸውን ለባዕድ ልታሳዪ?»

«ካላየች እኮ ይወሰዳሉ እማሆይ! እዚህ እናንተን ማን መጥቶ ይመዝናችኋል? አንዷ ስትደክም ሌላዋ አለች። ትርንጎ ብቻዋን ናት።»

ተቆጥቼ ነበር፤ በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው «እንግዲያስ አድርጊው» አሉኝ። «እኔ ግን አድርጊ አላልኩሽም።» ሁለቱን ባንድ አፍ ሲናገሩ ሰምቼ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ግን ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

አባ ይርጋን ማሳመን ከባዱ ሥራ ሆነ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለመንኳቸው።

«እንግዳ ሲገባ ተኝቼ ልጠብቅ?»

«የታመመ ሰው ይተኛል፣ አባ።»

«የታመመ ሰው ቢተኛም ክንዱን ተደግፎ ቀና ይላል። ኖር ይላል።»

እኔ ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ ቀና ካሉ ይነሣሉ። «ያንንም ይተዉት» አልኳቸው።

«እሱንም?»

«እሱንም። ለትርንጎ ሲሉ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አስታርቄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከራሴ ጋር ልታጣዪኝ መጣሽ።» ከዚያ «እሺ» አሉኝ። ልጃቸውን ይወዱ ነበር።

በቀኑ ትርንጎን አትጠቢያቸው፣ አታልብሺያቸው አልኳት። እያለቀሰች እሺ አለች። ባሊው አልጋው ሥር ቀረ፤ ፍራሹም በቦታው ሆነ። አባ ይርጋ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። በሩ ተንኳኳ። ሪና ገባች። ልቧ በደስታ ተሞልቶ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ባጠናችው አማርኛ፣

«በእግዜር! በእግዜር!» አለች።

አባ ይርጋ አንገታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«አልተነሣሁም እኮ፣ ልጄ» አሉ።

«ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አመሰገኑሽ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተጠየቁትን ሁሉ በእውነት መለሱ። ማን ያጥብዎታል? ልጄ። ማን ያለብስዎታል? ልጄ። ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? እዚህ ላይ ትርንጎ ወደ ወጥ ቤት ሸሸች። እሳቸው ከዓይን እስክትሰወር ጠበቁና «አይ» አሉኝ። ያንንም አስተረጐምኩ። ሪና ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች፤ አልነፈጓትም፤ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ተፈቀደ። ከጠበቅነው በላይ ሰዓት ተሰጠ፤ መታፔሌቷም እኔ ሆንኩ። ትርንጎ እልል ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለእማሆይ ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይበላሉ?» አሉኝ። ይበላሉ አልኳቸው። አማተቡ።

ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ቁስል አልወጣባቸውም። እጄን አሙቄ፣ ሸፍኜ፣ ጠይቄ ነው የማጥባቸው። ሥራዬን አሳምሬ ሠርቻለሁ። ግን ከሐኪም ቤት የተላከው ልጅ ለጉልበታቸው እንቅስቃሴ ሊያሠራ ሲመጣ እምቢ አሉ። ዘንጋቸው ከአልጋው ራስጌ አልተነሣም። «አባ፣ ዛሬ ትንሽ ቆመን እንይ?» ስላቸው «የተኛ ሰው ነው ተብሎ ተጽፎልኛል እኮ» ይሉኛል፤ ቀልድ አስመስለው። መቆም ይችሉ ነበር። በጥሩ ቀን ይችሉ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ሌላ አባ ይርጋ ቢመጡብኝ ያንኑ እደግመዋለሁ፤ ቤት አቮት እንዲገቡ አልተውም። እንደምደግመው ማወቄ ነው ሌሊት የሚከብደኝ።

አንድ ረፋድ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከአፉላ ድረስ በአውቶቡስ ነው የመጡት፤ በሟች አባታቸው ነገር ተጣልተው ባንድ ወንበር አይቀመጡም። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ቆመው፣ «አባ ይርጋ፣ እርስዎ ያሉትን እንሰማለን፤ ይዳኙን» አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ትራሳቸውን ከፍ ላደርግላቸው እጄን ሰደድኩ። እሳቸው ትራሱን በደኅናው እጃቸው ያዙት፤ ፊታቸውንም ከግድግዳው አልመለሱም።

«የቆመ ሰው ፈልጉ» አሏቸው።

ታላቁ ሊለምን አፉን ከፈተ፤ ታናሹ ክንዱን ያዘው። ተያይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ደረጃው ላይ ድምፃቸው እንደገና ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር። በሩን ዘጋሁ። የተፈቀደልን ሰዓት ገና አላለቀም፤ እጄን የማሞቅበትን ውሃ ጣድኩ።